የወንዛችን ጥቁር አሸዋና የአረብ ብረት ቅመም



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን በዚህ ተቋም የምንሠለጥን ስድስት እጩ መምህራን ነን። ርእሳችን ቲታኒየም ነው። በተለይም ቲታኒየምን ከብረት ጋር ቀይጦ ለአረብ ብረት ፋብሪካዎች የማቅረቡ ሥራ እንዴት በአነስተኛ ወጪና አካባቢን ብዙ ሳይበክል ሊካሄድ እንደሚችል የተረዳነውን ያህል እናቀርባለን። አንዳንዶቻችሁ «ይኼ ደግሞ ለገጠር መምህር ምኑ ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። እኛም ብለን ነበር። ርእሱን የመረጥነው ግን ወደን ብቻ ሳይሆን ጥፋት ስለሠራንም ጭምር ነው። ስለዚህ አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር።

ለማስተማር ልምምድ በስማዳ ገጠር ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ስለ ማግኔት የምናስተምርበት ቀን ደረሰ። መርጃ መሣሪያ ስላልነበረን ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔቱን ፈልቅቀን አወጣን፣ በላስቲክ ጠቀለልነውና ልጆቹን ይዘን ወደ ወንዝ ወረድን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ጎርፍ ትቶት በሄደው አሸዋ ላይ እንደ ኩል የጠቆረ መስመር ተሥሏል። ማግኔቱን ስናስጠጋው ጥቁሩ አሸዋ እየተነሣ እንደ ጃርት እሾህ ቆመ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ዳሩ ግን ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጽፍም፣ ራሱን ያውቃል) በሞቅታ «በዚህ አሸዋ ውስጥ ቲታኒየም የሚባል፣ አውሮፕላን የሚሠራበት ውድ ብረት አለ» አለ። ሌሎቻችንም ዝም አልን፤ ዝም ማለታችንም ያው መናገር ነው።

በሦስተኛው ቀን የአንዱ ተማሪ አባት፣ ጠና ያሉ ገበሬ፣ በአህያ የማዳበሪያ ከረጢት ጭነው ግቢ ገቡ። ከረጢቱ ጥቁር አሸዋ ሞልቶታል። «ልጄ ነገረኝ፤ እናንተው ትገዙኛላችሁ ወይስ ወገዳ ልውሰደው?» አሉን። ሁለት ቀን ሙሉ ከአረም ቀርተው ነው የለቀሙት። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ እዚህ የሚገዛው የለም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረንም። «አውሮፕላን ይሠራበታል ብላችሁ የለም እንዴ?» አሉ። ይሠራበታል። ታዲያ ለምን አይሸጥም? ይህን ለማስረዳት የሚያበቃ ዕውቀት በጊዜው አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከኋላ ወንበር ብቻውን የሚቀመጥ የባለ እጅ ልጅ አለ። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ። ወንዝ ዳር ማግኔቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከእርሱ ቀጥላ የቆመችው ልጅ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነው የተቀበለችው። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በአገራችን ብረት የሚሠራን ሰው «ቡዳ» እያሉ ማራቅ ገና አልጠፋም። ይኸው ልጅ እጁን አውጥቶ «አባቴ ከሰል አንድዶ በወናፍ ሲነፋው ብረቱ ይላላል። ይኼ አሸዋ ብረት ካለበት ለምን በከሰል አይቀልጥም?» ሲል ጠየቀን። ከክፍሉ ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። «አጥንተን እንነግርሃለን» አልነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንግዲህ ያጠናነው ነው።

ለመሆኑ ጥቁሩ አሸዋ ምንድን ነው? አገራችን የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየገነፈለ በተነጠፈ ባዛልት ነው። ጉና ራሱ ከዚያ በኋላ በዚሁ ንጣፍ ላይ የበቀለ እሳተ ገሞራ ነው። ባዛልት በዝናብና በፀሐይ ሲበሰብስ ቀላሉ ክፍል አፈር ሆኖ ይሄዳል። ከባዱ ግን ጎርፉ በደከመበት ቦታ ይቀራል። ቀሪው በአብዛኛው ማግኔታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ ሲሆን ማግኔት አጥብቆ የሚስበው እርሱን ነው። በማግኔታይቱ ውስጥ ቲታኒየም ተደባልቆ ይገኛል። ከጎኑም ኢልሜናይት የሚባል ሌላ ጥቁር ማዕድን አለ፤ እርሱን ማግኔት በደካማው ብቻ ነው የሚስበው። ኢልሜናይት የብረት፣ የቲታኒየምና የኦክሲጅን ውህድ ነው። የባዛልታችንን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት በሰሜን ምዕራብ ያለው የቲታኒየም መጠኑ አነስተኛ፣ ወደ ላሊበላ በኩል ያለው ደግሞ ከፍ ያለ መሆኑን ለይተው አስቀምጠዋል። ከመቶ ኪሎ ድንጋይ የቲታኒየም ኦክሳይዱ ከ1 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ጓደኛችን የተናገረው ውሸት አልነበረም። የጎደለው ግማሹ እውነት ነው እንጂ።

ቲታኒየም ብርቅ ነገር አይደለም። ከምድር ቅርፊት 0.6 በመቶ ያህሉ እርሱ ነው፤ በብዛት ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ዘጠነኛ ይባላል። ከመዳብም ከዚንክም እጅግ ይበዛል። የተገኘበት ታሪክ ደግሞ ለእኛ ቢጤ ሰው የሚያስደስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ዊልያም ግሬጎር የሚባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በአንድ ትንሽ ወንዝ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር አሸዋ አይቶ መረመረው። ብረቱን ለይቶ ካወጣ በኋላ ማንነቱ የማይታወቅ ነገር ተረፈው። በ1795 የጀርመኑ ኬሚስት ክላፕሮት ያንኑ ንጥረ ነገር ከሌላ ማዕድን አግኝቶ ከግሪኮች ተረት በወሰደው ስም ቲታኒየም አለው። ልብ በሉ፤ ግሬጎር የሠራው ሥራ እኛ በስማዳ ወንዝ ዳር ከጀመርነው አይለይም። የሚለየው እርሱ እስከ መጨረሻው መሄዱ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ከሰል ብረትን ከማዕድኑ የሚያወጣው በሙቀቱ ብቻ አይደለም። የከሰሉ ካርቦን ኦክሲጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይዞት ስለሚሄድ ነው። ብረት ኦክሲጅንን ይወዳል፤ ካርቦን ግን በትኩስ እሳት ውስጥ ሆኖ ከብረት ይበልጥ ይወደዋል። የጥንት አባቶቻችን በከሰልና በወናፍ ብቻ ከድንጋይ ብረት ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቲታኒየም ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቲታኒየም ኦክሲጅኑን በቀላሉ አይለቅም። እሳቱን እጅግ ብናበረታው ደግሞ ካርቦኑ ኦክሲጅኑን ወስዶ ዝም ብሎ አይሄድም፣ ራሱ ከቲታኒየሙ ጋር ይጣበቃል። የሚገኘውም ብረት ሳይሆን ቲታኒየም ካርባይድ የሚባል ድርቅ ያለ ነገር ነው። አየር ውስጥ ካለው ናይትሮጂን ጋርም እንዲሁ ይጣበቃል። በትልልቅ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ውስጥ ቲታኒየም የበዛበት ማዕድን ሲገባ ከቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ፣ ፋብሪካዎች ስላግ የሚሉት፣ እንደ ገንፎ እየወፈረ አልፈስስ ይላቸዋል። ስለዚህ ለባለ እጁ ልጅ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አባትህ በከሰል ቢያነድዱት ብረቱ ሊወጣ ይችላል፣ ቲታኒየሙ ግን ከቆሻሻው ጋር ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ሳታልፉት አንብቡት። ቲታኒየምን ለማውጣት አስቸጋሪ ያደረገው ጠባይና አረብ ብረት ሠሪዎች የሚፈልጉበት ጠባይ አንድ ነው። ኦክሲጅንን፣ ናይትሮጂንንና ካርቦንን አጥብቆ ይይዛል። አረብ ብረት ቀልጦ በባልዲው ውስጥ ሳለ (ባልዲ ስንል ቶን የሚይዘውን የፋብሪካ ባልዲ ነው) ኦክሲጅንና ናይትሮጂን ሟሙተውበት ይገኛሉ። ሲቀዘቅዝ ኦክሲጅኑ አረፋና ጉድፍ ይፈጥራል፤ ናይትሮጂኑ ደግሞ ውሎ አድሮ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ጥቂት ቲታኒየም ጣል ሲደረግበት እነዚህን ይለቃቅማቸዋል። ከናይትሮጂን ጋር የሚሠራው ውህድ ወርቅ መሳይ ነው፤ በመሰርሰሪያ ጫፍ ላይ የምናየው ቢጫ ቅብ ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። እነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች በብረቱ ውስጥ ተበትነው ሲቀሩ የብረቱ ጥራጥሬ እንዳያድግ ይከላከላሉ። ጥራጥሬው የደቀቀ ብረት ደግሞ ጠንካራ ነው።

ሦስት ምሳሌ እንጨምር። የመኪና አካል የሚሠራበት ለስላሳ ላሜራ በመጭመቂያ ሲታጠፍ እንዳይቀደድ ካርቦንና ናይትሮጂኑ በቲታኒየም ይታሠርለታል። ሁለተኛው የማይዝገው ብረት ነው። በብየዳ ጊዜ ካርቦን ከክሮሚየም ጋር ይጣበቅና በብየዳው ጎንና ጎን ያለው ቦታ ክሮሚየም አጥቶ ይዝጋል። ከካርቦኑ ቢያንስ አምስት እጥፍ የሚሆን ቲታኒየም ከገባበት ግን ካርቦኑን ክሮሚየም ሳይደርስበት ቲታኒየም ይይዘዋል። ሦስተኛው እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። በሠለጠኑት አገሮች የማረሻ ጫፍና የመከስከሻ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቦሮን ከሚባል ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት፣ ከ100,000 ክፍል 3 ክፍል ያህል፣ ከተጨመረበት አረብ ብረት ነው። ይህ ጥቂት ቦሮን ብረቱ ግሎ ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር እስከ ውስጡ እንዲጠነክር ያደርጋል። ነገር ግን ናይትሮጂን ካገኘው ቦሮኑን ያበላሸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ቲታኒየም ገብቶ ናይትሮጂኑን ያስርለታል።

ይህን ስንጽፍ ከእስቴ የመጣው ጓደኛችን ክርክር አነሣብን። «እኛ አገር ማረሻ የሚሠራው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራና ከተረፈ ፌሮ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ወደ ባለ እጅ ይመላለሳል። ስለ ቲታኒየም ከማውራት እርሱን ማሰብ አይሻልም?» አለ። ከፊሎቻችን ተስማምተናል፣ ከፊሎቻችን አልተስማማንም። የጽሑፉ አዘጋጆች ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ ባሌስትራውም ቢሆን ጥሩ የሆነው አንድ ቦታ አንድ ሰው ቅመሙን መጥኖ ስለጨመረበት ነው። ባለ እጃችን ባሌስትራን ከፌሮ በድምፁና በፍንጣሪው ለይቶ «ይኼ ለማረሻ ይሆናል፣ ይኼ አይሆንም» ሲል የሚለየው ይህንኑ ቅመም ነው። ስሙን ባያውቀውም ዕውቀቱ አለው።

ለመሆኑ ፋብሪካዎች ንጹሕ ቲታኒየም ለምን አይጨምሩም? አንደኛ ውድ ነው። ሁለተኛ ቀላል ነው፤ ክብደቱ ከብረት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ስለዚህ በቀለጠው ብረት ላይ ይንሳፈፍና ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት አስቀድሞ ከብረት ጋር ተቀይጦ ፌሮቲታኒየም ይሆንና ይገባል። ወጥ ቤት ያለ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፤ ቅመሙን ብቻውን ከመበተን ድልህ አድርጎ መጨመር ማለት ነው። ደግሞም ፌሮቲታኒየም ከመግባቱ በፊት አረብ ብረቱ በአልሙኒየም ከኦክሲጅኑ መጽዳት አለበት፤ አለዚያ ውዱ ቲታኒየም ርካሹ አልሙኒየም ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ ያልቃል።

ፌሮቲታኒየም በዋናነት በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ውዳቂ ቲታኒየምን ከውዳቂ ብረት ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ማቅለጥ ነው። የአውሮፕላን አካላት ሲሠሩ ከተቆረጠው ቲታኒየም ብዙው ቅራፊ ሆኖ ይቀራል። የሚገርመው ነገር እዚህ አለ። ቲታኒየም ብቻውን የሚቀልጠው በ1668 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ብረት ደግሞ በ1538። ሁለቱ 70 ለ30 አካባቢ ሲደባለቁ ግን በ1085 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ሁለት ግትር ሰዎች ተገናኝተው ለስላሳ ሆኑ እንደ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት 70 በመቶ ቲታኒየም ያለው ቅይጥ በገበያ የታወቀ ሆኗል። ይህ መንገድ ከሁሉም የተሻለ ንጹሕ ነው ሊባል ይችላል፤ ቅራፊው ላይ ያለው የማሽን ዘይት በደንብ ካልታጠበ ግን በጭስ ያፍናል። በአውሮፕላን ቅይጥ ውስጥ ያሉት አልሙኒየምና ቫናዲየምም አብረው ይገባሉ። ትልቁ ችግር ደግሞ የራሱ የቲታኒየሙ መነሻ ነው። ቅራፊው ከሰማይ አልወረደም፣ መጀመሪያ አንድ ሰው አምርቶታል። ያም የተመረተው በሉክሰምበርጉ ተወላጅ በዊልያም ክሮል ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ማዕድኑ በክሎሪን ጋዝና በካርቦን ወደ ፈሳሽ ክሎራይድ ይለወጣል። ፈሳሹ አየር በሌለበት፣ አርጎን በተሞላ የብረት ገንዳ ውስጥ ከቀለጠ ማግኒዝየም ጋር ይገናኛል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ስፖንጅ የመሰለ ቲታኒየም ይገኛል። ክሎሪን መርዝ ነው፣ ካርቦኑ ይቃጠላል፣ ማግኒዝየሙም ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ሥራውም በአንድ ጊዜ አንድ ገንዳ ብቻ ነው። ውድነቱ ከዚህ ይመነጫል።

ሁለተኛው መንገድ በቀጥታ ከኢልሜናይት የሚነሣ ነው። ካርቦን ያቃተውን ኦክሲጅን አልሙኒየም ሊነጥቅ ይችላል። ጀርመናዊው ሐንስ ጎልድሽሚት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ዘዴ አሳወቀ። የአልሙኒየም ዱቄትና የብረት ኦክሳይድ ተደባልቀው ሲለኮሱ በራሳቸው እሳት ብረት ያቀልጣሉ፤ የባቡር ሐዲድ የሚጋጠመውም በዚህ ነው። (ማስጠንቀቂያ፦ ይህ በክፍል ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ሰው ያቃጥላል። ውኃ ቢጨመርበት ደግሞ ይባስ ይፈነዳል።) ለኢልሜናይት የሚሠራውን ሒሳብ እንሥራው፤ ለአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ጥሩ መልመጃ ይሆናል።

ኢልሜናይት + አልሙኒየም → ብረት + ቲታኒየም + የአልሙኒየም ኦክሳይድ

የአቶም ክብደታቸውን ብረት 56፣ ቲታኒየም 48፣ ኦክሲጅን 16፣ አልሙኒየም 27 ብለን እንያዝ። አንድ የኢልሜናይት ሞለኪውል አንድ ብረት፣ አንድ ቲታኒየምና ሦስት ኦክሲጅን ስላለው 56 + 48 + 48 = 152 ይሆናል። ሦስቱን ኦክሲጅን የሚወስዱ ሁለት አልሙኒየሞች 54 ናቸው። ስለዚህ 152 ኪሎ ኢልሜናይት 54 ኪሎ አልሙኒየም ይፈልጋል። የሚወጣው 104 ኪሎ ቅይጥና 102 ኪሎ ስላግ ነው። በቅይጡ ውስጥ ቲታኒየሙ 48 ለ104፣ ማለትም 46 በመቶ ያህል ነው። ይህ እንግዲህ በወረቀት ነው። በምድጃው ውስጥ ግን አልሙኒየም ከቲታኒየም የሚበልጠው በጥቂቱ ስለሆነ ሁሉንም ኦክሲጅን አያስለቅቅም። የተወሰነው ቲታኒየም በስላጉ ውስጥ ይቀራል፣ የተወሰነውም አልሙኒየም ወደ ቅይጡ ይገባል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቅይጥ ከ35 እስከ 40 በመቶ አካባቢ ቲታኒየም ያለው ነው።

አሁን የእኚያን አዛውንት ከረጢት እንመዝነው። 50 ኪሎ ነው እንበል። ደግሞም ሁሉም ንጹሕ ኢልሜናይት ነው እንበል (አይደለም፤ አብዛኛው ማግኔታይት ነው)። ቲታኒየሙ ወደ 16 ኪሎ ይሆናል። ከሺህ አንድ እጅ ብቻ በሚጨመርበት አረብ ብረት ይህ ለ16 ቶን ይበቃል፤ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለማውጣት 18 ኪሎ ያህል አልሙኒየም ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ አልሙኒየም ከማዕድኑ ለማውጣት ደግሞ 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ሲባዛ 250 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይመጣል። ባለ 10 ዋት አምፑል በየማታው ለአምስት ሰዓት ቢበራ ይህ ኤሌክትሪክ ከ13 ዓመት በላይ ያበራዋል። የአሸዋው ዋጋ ያለው ከአሸዋው ውስጥ ሳይሆን ከዚህ ላይ ነው። አዛውንቱ ለቅመው ያመጡት የነገሩን ርካሽ ክፍል ነበር።

ታዲያ እንዴት ይርከስ? እንዴትስ ይጽዳ? በሒሳቡ ላይ ትንሽ ብንቆይ አንድ መላ ራሱ ይታያል። ከ54ቱ አልሙኒየም 18ቱ የሚያልቀው ኦክሲጅኑን ከብረቱ ላይ ለማንሳት ነው። ይህን ሥራ ግን ርካሹ ከሰል ወይም ሃይድሮጂን ሊሠራው ይችላል፤ የባለ እጁ ልጅ አባት የሚያውቁት ሥራ ነው። ብረቱ አስቀድሞ በሃይድሮጂን ከጸዳ የሚወጣው የውኃ እንፋሎት ነው። ለቲታኒየሙ የሚቀረው 36 ብቻ ይሆናል። የአልሙኒየሙ አንድ ሦስተኛ ተረፈ ማለት ነው። ነገር ግን በነጻ የሚገኝ ነገር የለም፤ ብረቱና አልሙኒየሙ ሲገናኙ የሚሰጡት ሙቀት አብሮ ስለሚቀር እሳቱ ይደክማል፣ ጉድለቱን በኤሌክትሪክ መሙላት ያስፈልጋል። ሌላው መላ ውዳቂ አልሙኒየም መጠቀም ነው። አሮጌ ድስት አቅልጦ ለማደስ የሚፈጀው ኃይል ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው እጅግ ያነሰ ነው። አልሙኒየምን ከማዕድኑ ስናወጣ ተራራ የሚያክል ቀይ ጭቃም ይተርፋል፤ በውዳቂው ስንጠቀም ይህም ይቀራል። ስላጉም ቢሆን የሚጣል አይደለም፤ አብዛኛው አልሙኒየም ኦክሳይድ ስለሆነ ሙቀት ለሚችል ጡብ ይሆናል።

ከሁሉም ይበልጥ እኛን የማረከን ሦስተኛው፣ ገና በማደግ ላይ ያለው መንገድ ነው። በእንግሊዝ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፍሬይ፣ ፋርቲንግና ቼን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ ዘዴ አወጡ። የቲታኒየም ኦክሳይዱን ዱቄት እንደ ጠፍጣፋ ዳቦ ጋግረው በ900 ዲግሪ ገደማ በቀለጠ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ነከሩትና ኤሌክትሪክ አሳለፉበት። ኦክሲጅኑ ከዱቄቱ ወጥቶ በጨው ውስጥ አልፎ ወደ ሌላው ምሰሶ ሄደ፤ ቲታኒየሙ ሳይቀልጥ እዚያው ቀረ። ክሎሪን ጋዝ የለ፣ ማግኒዝየም የለ። በኢልሜናይት ሲሞከርም ብረቱና ቲታኒየሙ አንድ ላይ ይቀሩና ፌሮቲታኒየም በቀጥታ ይገኛል። ምሰሶው ካርቦን ከሆነ አሁንም የካርቦን ጋዝ ይወጣል፤ የማያልቅ ምሰሶ ቢገኝለት የሚወጣው ንጹሕ ኦክሲጅን ይሆናል። እስከ ዛሬ ይህ ዘዴ የክሮልን ዘዴ ከገበያ አላስወጣም። ኤሌክትሪኩ አንዱን ኦክሲጅን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሌላም ቦታ እየባከነ ያስቸግራል፤ ሥራውም ዝግ ያለ ነው።

በአገራችንስ? ቲታኒየም ያለበት የብረት ማዕድን በወለጋ በጊምቢ አጠገብ በቢቂላል፣ በደቡብም በመልካ አርባ መኖሩ በጥናት ታውቋል። ፋብሪካዎቻችን ግን በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት እያቀለጡ ወይም ከውጭ የመጣ ቢሌት እየዳመጡ ነው ፌሮ የሚያወጡት። ጎረቤታችን ኬንያ በክዋሌ ባሕር ዳርቻ ከ10 ዓመት በላይ ኢልሜናይት አሸዋ ስታመርት ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ማዕድኑ አልቆ ሥራው ተዘጋ። አሸዋው የተላከው ወደ ውጭ ነበር። በዓለም ላይ ከሚወጣው የቲታኒየም ማዕድን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ብረት እንኳ አይሆንም፤ ነጭ ቀለም ነው የሚሆነው። እኛ ያለን ጥቅም አንድ ነው ብለን እናስባለን፤ እርሱም ውኃ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦጉስት ሮሲ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካ ፌሮቲታኒየም የሠራው በናያጋራ ፏፏቴ ኤሌክትሪክ ነው። የእኛም ዓባይ ከስማዳ ሥር አልፎ ሄዶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት ያስችላል። ይህን ስንጽፍ በተወለድንባቸው ቀበሌዎች ብዙው ቤት ገና መብራት እንደሌለው ረስተን አይደለም። አምፑሉ ይቅደም ወይስ ምድጃው ብትሉን ከስድስታችን አራቱ አምፑሉ እንላለን።

ስለ ምድጃ ካነሣን ጋፋትን ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ቫልድማየር ያሉ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ሙያተኞችን አሰባስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። የአገር ልጆችም ሙያ እንዲማሩ ተደርጓል። በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠራ። ቀጥሎ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተቆፈረለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በእኛው ጋይንት አልፎ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚቀር ነገር አለ፤ ሴባስቶፖል ነሐስ ነው። ነሐስ ብረት ከሚቀልጥበት እጅግ ባነሰ ሙቀት ይፈስሳል። ያን ያህል ብረት አቅልጦ ማፍሰስ የሚችል ምድጃ በጊዜው አልነበረም። ማለትም የጋፋት ሰዎች ያቃታቸውም እኛን ያቃተንም ያው አንዱ ነገር ነው፦ በቂ ሙቀትና ኦክሲጅኑን የሚነጥቅ ጉልበተኛ።

ንጉሡ ባለ እጆችን በክብር ሰብስበው በደብረ ታቦር አጠገብ አኖሩ። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። የባለ እጁ ልጅ ግን አሁንም ከኋላ ወንበር ብቻውን ተቀምጦ አገኘነው።

የልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ትምህርቱን የጀመርነው ልጁን ወደ ፊት ጠርተን አባቱ እሳቱን እንዴት እንደሚያዩ እንዲነግረን በመጠየቅ ነው። መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ እያለ ብረቱ እንደ ቡና ሲቀላ ለማጠፍ፣ እንደ ብርቱካን ሲቀላ ለመቀጥቀጥ፣ ሲነጣ ግን «ይቃጠላል፣ ይሞታል» እያለ አስረዳ። እኛ በመጽሐፍ ዲግሪ የምንለውን እርሱ በቀለም ያውቀዋል። የቀለሞቹን ስም በሰሌዳው ላይ ጻፍናቸውና ከአጠገባቸው ዲግሪውን ጨመርን። ከዚያም ጥያቄውን ከፊቱ መለስንለት፤ ከሰል ለብረት እንደሚበቃና ለቲታኒየም እንደማይበቃ። «አልሙኒየም ማለት ድስቱ?» አለ። አዎን፣ ድስቱ። ክፍሉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን በእርሱ ላይ አልነበረም። ማግኔቱን እንደገና ስናዞር ልጅቷ በነጠላዋ ትቀበል በእጇ ትቀበል ለማየት ስድስታችንም ዓይናችንን ተክለን ነበር። በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ተቀበለችው።

አዛውንቱን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ሒሳቡንም ከአምፑሉ ጋር አድርገን አስረዳናቸው። ረጋ ብለው ሰሙን። «እንግዲህ አሸዋውን ከነድካሙ ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ፤ ልጆቹ ይማሩበት» አሉ። ልንሰናበት ስንነሣ «ቆይ ልጆቼ፣ ከረጢቱን ግን ገልብጣችሁ መልሱልኝ፤ ለጤፌ እፈልገዋለሁ» አሉን።